ያን እጅ ከማንሣትሽ በፊት

አትነሺ እህት ዓለሜ፣ እዚያው ተቀመጪ። እኔ ከኋላሽ ቆሜ በትከሻሽ በኩል አያለሁ። ከመተማ ይዘሽ የመጣሽውን ፎቶ አንድ በአንድ አሳልፊልኝ፤ አትቸኩዪ። ትናንት ቦርሳሽን ሳታወርጂ ከደጃፍ ላይ ሆነሽ «እትዬ፣ አራት መቶ ፎቶ አነሣሁ!» ስትዪኝ ደስታሽ ተጋብቶብኛል። ዛሬ የምነግርሽም ሥራሽን ላጣጥልብሽ ብዬ አይደለም። አንቺ ከዳር ሆነሽ ያየሽውን አገር እኔ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ከመተማ ማዶ ካለችው ከሱዳኗ ገላባት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገባ ብላ በምትገኘው በገዳሪፍ፣ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ያኔ ከኋላዬ ቆሞ «ይህን ያዢ፣ ይህን ተዪ» የሚለኝ ሰው አልነበረኝም። ብዙውን ነገር የተማርኩት ሰው አስቀይሜ ነው። አንቺ እንደዚያ እንድትማሪ አልፈልግም።

እዚህ ላይ አቁሚ። ይህ ልጅ ማን ነው? ከሱዳን ተሰድደው የመጡ ሰዎች ካረፉበት አጠገብ እንዳነሣሽው ነግረሽኛል። ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር አይደል? ከፊቱ ያስታውቃል። ግንባሩና አፍንጫው ያበራል፤ ዓይኖቹ ያሉበት ግን ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። በጥቅምት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ባለችበት ወር እንዲህ ከሆነ፣ በሚያዝያ ብትወርጂማ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው። መተማና ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 እና 14 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽና በነሐሴ የመጀመሪያ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ በአናት ታልፋለች፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር አይወጣም። ያገሩ ሰውም በዚያ ሰዓት ደጅ አይቆምም። ቆሞ ያገኘሽው ካለ ወይ ቸግሮታል ወይ ሥራ ይዞታል። የበረሃ ብርሃን ለፊት የሚስማማው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከቀትር በኋላም ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው።

መሃሉን ቀን ምን ልሥራበት ካልሽ ጥላ ውስጥ ግቢ። ሱዳኖች በእንጨት አቁመው በሣር የሚከድኑትን ዳስ «ራኩባ» ይሉታል። የምታነሺውን ሰው ወደ ራኩባው ጨለማ አታስገቢው። ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ብቻ ገባ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ይቀመጥ፤ አንቺ ከውጭ በኩል ሁኚ። ደጅ ያለው ደረቅ መሬት ብርሃኑን መልሶ ወደ ፊቱ ይረጨዋል፣ ዓይኑ ውስጥም ትንሽ ነጥብ ብርሃን ትገባለች። ያቺ ነጥብ ካለች ሰውየው ከፎቶው ውስጥ ያይሻል።

ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌም ፊታቸው ጠቁሮብሻል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ነጭ ጀላቢያ ለብሰዋል። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው የሰውየው ፊት ነው። የብርሃኑን ልክ ከፊታቸው ላይ ውሰጂ፣ ወይም ማስተካከያውን ወደ ፕላስ አንድ ከፍ አድርጊው። ከሁለቱ አንዱ መጥፋት ካለበት የጀላቢያው ስፌት ይጥፋ፤ የሽማግሌው ፊት አይጥፋ።

አሁን ወደ ልጁ መልሺኝ። ራኩባ ካልን አይቀር አንድ ነገር ልንገርሽ። በገዳሪፍ ግዛት «ኡም ራኩባ» የሚባል የስደተኞች ሰፈር አለ፤ የራኩባ እናት እንደማለት ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተጨናንቀውበት ነበር። ወደ እስራኤል ለመሻገር የወጡ ቤተ እስራኤላውያንም እዚያ ሆነው ቀናቸውን ሲጠብቁ ብዙዎቹ በበሽታ አልቀዋል። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው ይህ ሰፈር በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር እንደገና ተከፈተ፤ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል የተሻገሩ ወገኖቻችን ተጠለሉበት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሱዳናውያን ልጆቻቸውን ይዘው በገላባት በኩል ወደ መተማ መጡ። ይህ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። አያቱ ለእኛ ሰው ውኃ ያቀበለ፣ ራኩባ የቀለሰ ሰው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ስሙን ጠየቅሽው? እናቱን አነጋገርሻት? ዝም ማለትሽን አልወደድኩትም። በ1985 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኬቪን ካርተር የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ፎቶ አንሺ፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነችው አዮድ በምትባል መንደር፣ በረሃብ የተልፈሰፈሰ ሕፃንና ከኋላው የቆመ ጥንብ አንሣ አነሣ። ፎቶው በኒውዮርክ ታይምስ ወጣ፤ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። አንባቢዎች ግን ለጋዜጣው ደጋግመው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሕፃኑ ምን ሆነ? ጋዜጣው ሕፃኑ ተነሥቶ መንገዱን እንደቀጠለ እንጂ እርዳታ ወደሚሰጥበት ቦታ መድረሱን መናገር አልቻለም። ያ ፎቶ ስለ ረሃቡ ዓለምን አስደንግጧል፣ ገንዘብም አሰባስቧል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰዎች ያለቀሱለት ሕፃን ያን ጊዜ ስም አልነበረውም።

ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዢ። የፎቶውን ቁጥር፣ የሰውየውን ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ስሙ እንዲጻፍ መፍቀዱንና አለመፍቀዱን እዚያው ቆመሽ ጻፊ። ሕፃን ከሆነ ከእናቱ ወይም ከአሳዳጊው ፈቃድ ውጪ አታንሺ። ወደ መጠለያው ግቢ ለመግባት ደግሞ ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። በአጥር ክፍተት፣ በመኪና መስኮት የተሰረቀ ፊት ይዘሽ አትምጪ። ከጦርነት የሸሸ ሰው የሚፈልገው ጠላት ይኖርበታል፤ የት እንዳለ የሚናገር ፎቶ ደርሶ ሊያስይዘው ይችላል።

እሺ፣ አሳልፊ። ይህን ድልድይ ግን አሁኑኑ አጥፊው። መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የሚያገናኘው ትንሹ ድልድይ መሆኑን ባላውቀው ነው? እዚህ ጥግ ላይ የቆመው ወታደር ነው፤ ከኋላው ጉምሩክ ነው። ይህ መሬት ዓፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበት፣ ከተማዋም በስማቸው የተጠራችበት ነው። በቅርቡም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያና ሱዳን በሚወዛገቡበት በአልፋሽቃ እርሻ ምክንያት የሁለቱ ጦሮች ተፋጥጠውበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ካሜራ ያነሣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሰላይነት ነው፤ መጠርጠሩም አይገርምም።

ሱዳን ውስጥ ለእንግዳ ሰው የፎቶ ፈቃድ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ወረቀቱ ወታደራዊ ቦታ፣ ድልድይ፣ የውኃና የመብራት ተቋም፣ ለማኝና የድሆች ሰፈር እንዳይነሣ ይከለክል ነበር። በእኛም በኩል ኬላን፣ ወታደርንና ድልድይን አታንሺ። «አጥፊው» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ አትከራከሪ፤ እያየ አጥፊለትና «ይቅርታ» ብለሽ ሂጂ። እጅግ የሚያምር ፎቶ ቢሆንም እንኳ አንድ ሌሊት እስር ቤት ሊታደርለት የሚገባ ፎቶ የለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ መንገዱን ጠይቂ። የጎንደር መተማን መንገድ ውሎና አዳር የሚያውቁት ሹፌሮች ናቸው፤ «ዛሬ አይሆንም» ካሉሽ አይሆንም። ድንበሩን መሻገርን ለጊዜው ከሐሳብሽ አውጪው። ገዳሪፍን አንድ ቀን አብረን እናያታለን፤ የሰሊጥ ጨረታዋን፣ ከሩቅ የሚታየውን የእህል ጎተራዋን እኔ ራሴ አሳይሻለሁ።

ይህችስ? ኧረ እንዴት ታምራለች! ሻይ የምትሸጠዋ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ከሰሉ ፊቷን ቀይ አድርጎት፣ ከፊቷ የሄሉና የዝንጅብሉ ቆርቆሮ ተደርድሮ። ገዳሪፍ እንዲህ ያሉትን «ሲት ሻይ» ይሏቸዋል፤ ብዙዎቹም ሐበሾች ነበሩ። እኔም አንዷን አነሣኋት። ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ እሷ ጋ ቡና እጠጣ ነበር፤ ሱዳኖችም ጀበናውን ጀበና ነው የሚሉት፣ ቡናው ላይ ግን ዝንጅብል ይጨምሩበታል። አንድ ማታ በሆነ ነገር ስትስቅ፣ እንፋሎቱ ከፊቷ ላይ ሲወጣ አየሁና ሳልጠይቃት አነሣኋት። እስከዚያ ቀን ድረስ ካነሣሁት ሁሉ የበለጠ ነበር። ለጓደኛዬ በስልክ ላክሁላት፤ ጓደኛዬ «የሐበሻ ውበት በሱዳን» ብላ ፌስቡክ ላይ አወጣችው።

ሳምንት አልሞላም፤ ፎቶው የልጅቱ አገር ገባ። እናቷ የሚያውቁት ልጃቸው በአንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ደህና ደመወዝ እንደምታገኝ ነበር። ከዚህም ሌላ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም፤ የምትሠራበት ጥግ ከነምልክቱ በፎቶው ላይ ይታይ ነበር። በማግሥቱ ቦታዋን ቀየረች። ፈልጌ አገኘኋትና ይቅርታ ስጠይቃት አልጮኸችብኝም። ቡናዬን ቀድታ አስቀመጠችልኝና «ፎቶው ቆንጆ ነው። ግን የኔን ነገር ለእናቴ የምነግራት እኔ ነበርኩ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የቡናውን ሒሳብ አልቀበል አለችኝ፤ እንደ ድሮውም አላጫወተችኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጥያቄ ሳልጠይቅ አላነሣም። ላንሣሽ ወይ? ለሌላ ሰው ላሳየው ወይ? የትና ለማን? ሱዳናዊ ከሆነ «ሙምኪን ሱራ?» በይው፤ ፎቶ ይቻላል ወይ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን «ሰላም አለይኩም» በይ፤ «ኬፍ? ታማም?» ተባባሉ። ተቀመጪ፣ ሻይ እዘዢ፣ ካሜራው ጭንሽ ላይ ይቆይ። «ላ» ካለሽ እንቢ ማለቱ ነውና አትለማመጪው። አነሣሽውም በኋላ ምስሉን አሳይው፤ ካልወደደው እፊቱ አጥፊው። ስልክሽ ውስጥ ደግሞ ፎቶ ላይ የቦታ ምልክት የሚጽፈውን ነገር ዝጊው። እሱ ካልተዘጋ ሰውየው ስሙን ቢደብቅም ፎቶው ቤቱ ድረስ መንገድ ይመራል።

ይህ ጥቁር ነጥብ ደግሞ በሁሉም ሰማይ ላይ አለ። አቧራ ነው፤ ካሜራው ሆድ ገብቷል። እርሻው መሃል ቆመሽ ሌንስ ቀይረሻል ማለት ነው። ሌንስ የሚቀየረው ቤት ውስጥ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ፣ የካሜራው አፍ ወደ ታች ሆኖ ነው። በአፍሽ እፍ አትበዪበት፤ ምራቅ ይረጭበታል። ለዚሁ የተሠራ የጎማ መንፊያ ግዢና በእሱ አራግፊው። ከዝናቡ ወራት በፊትና በመግቢያው ሱዳኖች «ሀቡብ» የሚሉት ይመጣል፤ ቡናማ ግድግዳ ከአድማስ ተነሥቶ ወዳንቺ ሲሄድ ታያለሽ። ከሩቅ ሳለ ሁለት ሦስት አንሺና ካሜራውን በፌስታል ጠቅልለሽ፣ በሻሽ ደግመሽ፣ ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። ሲደርስ ለማንሣት አትሞክሪ። በክረምት ደግሞ የዚያ አገር ዋልካ አፈር ጎማም ሰውም ይይዛል፤ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ለፎቶ ያምራል ብለሽ ወደ እርሻ መንገድ እንዳትገቢ።

ባትሪ ከመኪና መስታወት ሥር አታስቀምጪ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት አገር መኪና ውስጥ ያለው ብረት ይጋገራል። ሁለት ሚሞሪ ካርድ ያዢ፣ ማታ ማታ ሳትተኚ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ። የካሜራሽንም ሰዓት ልብ በይ። ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። እኔ ያኔ ልወጣ ስል ነበርና በአንድ ቀን የተነሡ ፎቶዎች ተራቸው ተዘበራርቆብኝ ስለይ አመሸሁ። ደብተርሽ ላይ የምትጽፊው ሰዓትና ካሜራው የሚጽፈው አንድ ይሁን።

ከመሣሪያው በላይ የምሰጋው ግን ላንቺ ነው። ቅድም ስለ ማታው ብርሃን ነግሬሻለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ምድሩ ሲቀላ፣ አንቺ ካሜራሽን ይዘሽ ስትወጪ፣ የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ትወጣለች። ከመተማና ከሑመራ እስከ ገዳሪፍ ያለው ቆላ የካላዛር አገር ነው። ዝንቧ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፤ ቀን በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር ተደብቃ ትውላለች፣ ከማምሻው እስከ ንጋት ትነክሳለች። ስለዚህ የማታውን ፎቶ ልታነሺ ስትሄጂ እጅጌው የረዘመ ልብስ ልበሺ፣ እግርሽን ሸፍኚ። ግራር ሥር አትተኚ፤ የምትተኚውም አጎበር ውስጥ ይሁን። ከተመለስሽ በኋላ ሁለት ሳምንት የማይለቅ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ከከሳሽ፣ ሆድሽ በግራ በኩል ካበጠ «ወባ ነው» ብለሽ ቤት አትቀመጪ፤ ለሐኪሙ «በረሃ ወርጄ ነበር» ብለሽ ንገሪው። ይህ በሽታ ሕክምና አለው፤ ሳይታከም የቆየ ግን ይገድላል።

«ካሜራዬ ትንሽ ነው» ያልሽውን ደግሞ ሰምቻለሁ። መጋቢት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ በተቃውሞ ሰልፍ መሃል ላና ሀሩን የምትባል ሱዳናዊት በእጅ ስልኳ አንድ ፎቶ አነሣች። አላ ሳላህ የምትባል ወጣት ነጭ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች ልብስ ለብሳ፣ ወርቃማ ጉትቻ አንጠልጥላ፣ መኪና ላይ ቆማ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ሕዝቡን ታዘምራለች። ዙሪያዋን ደግሞ ሰው ሁሉ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻታል። ያ ፎቶ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ያነሣችው ከሕዝቡ መሃል የቆመች፣ የሚዘመረውን የምታውቅ ያገሯ ልጅ ናት። የተነሣችውም እንድትታይ ፈልጋ ከፍ ብላ የቆመች ናት። አንቺም ትልቅ ሌንስ ከመመኘትሽ በፊት ሁለት ቀን ተጨማሪ እዚያው መቆየትን ተመኚ።

አሁን ወዳንቺ ምርጥ ደረስን። «ይህኛውን በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ» ያልሽው። እጅ ነው። ማጭድ የጨበጠ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የገባበት የሰሊጥ አጫጅ እጅ። ብርሃኑ በጎን መጥቷል፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ ይታያል። ጥሩ አድርገሽ አንሥተሽዋል፤ ይህን ስልሽ ከልቤ ነው። ልጁ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ እንደሆነና ሰሊጡ ተራግፎ እስኪያልቅ እዚያው እንደሚቆይ ነግረሽኛል። ፊቱ ግን የለም።

ሰሊጥ አጣዳፊ ሰብል ነው። የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ፍሬው ያለበት ከረጢት ሳይሰነጠቅ መታጨድ አለበት። ጥቂት ቀን ካለፈው ይከፈትና እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ ደጋ ወጣቱ «በረሃ ወረደ» የሚባለው፤ ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ይደርስ ነበር። የታጨደው ታስሮ እንደ ጎጆ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ያን ጊዜ ብትደርሺ ፀሐይን ከኋላው አድርጊና በአንድ ሺኛ ሴኮንድ ፍጥነት አንሺው፤ ፍሬው እንደ ዝናብ ሲወርድ እያንዳንዷ ጠብታ ብቻዋን ታበራለች።

አጨዳው አልቆ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ እነዚያ ልጆች ወደ እኛ ፎቶ ቤት ይመጡ ነበር። ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ አዲስ ሸሚዝ ገዝተው። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ነበረን። ሚስማር ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ ለሁሉም የሚሰፋ። አንድ ማታ አንድ ልጅ መጣ፤ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ኮቱን ለበሰ፣ አንገትጌውን አስተካከልኩለት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። እጆችህን ጉልበትህ ላይ አድርግ አልኩት። አላደረገም። ጣቶቹን ወደ ኮቱ እጅጌ ስቦ ደበቃቸው። «እጄ አይውጣ» አለኝ። «እናቴ ካየችው ታለቅሳለች።»

ከደረት በላይ አነሣሁት። ሦስት ቅጂ አሳተመ፤ አንዱን ወደ አገር ለሚገባ ሰው በፖስታ ሰጠ፤ ሁለቱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ። ፎቶው ላይ ምንም ስንጥቅ የለም። አንድ ኮት የለበሰ፣ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ የእናቱ ልጅ ነው። በዚያ ፎቶ ቤት ስድስት ዓመት ስሠራ «ስቃዬን አንሺልኝ» ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም። ሰው ሁሉ ድካሙን አጥቦ፣ ደህና ሆኖ ለዘመዱ ሊታይ ነው የሚመጣው። ከውጭ የሚመጣው ካሜራ ደግሞ የሚፈልገው ያጠበውን ድካም ነው።

የሠራተኛው እጅ አይታይ እያልኩሽ አይደለም። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገራችን ብዙ ምንዛሪ ካስገኙት ሰብሎች አንዱ ነው፤ ያን ገንዘብ ያመጣው የማን እጅ እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል። እጁ የተሰነጠቀ ሰው ዋጋው እንዲጨመርለት፣ ጓንት እንዲሰጠው፣ ሲታመም እንዲታከም የሚያስገድድ ፎቶ ያስፈልጋል። ነገር ግን እጁ የእሱ ነው። «ይህን እጅህን ሰው እንዲያየው ትፈቅዳለህ? የማሳየውም በዚህ ምክንያት ነው» ብለሽ ካልጠየቅሽው፣ እናቱ እንዳታይበት የደበቀውን ነገር አንቺ ግድግዳ ላይ ሰቀልሽው ማለት ነው። ስትጠይቂው ደግሞ እሺ ሊል ይችላል። በኩራት ዘርግቶ ያሳይሽም ይሆናል፤ ያ ፎቶ ከዚህኛው ይበልጣል።

ስለዚህ አሁን የምልሽን አድርጊ። ከአራት መቶው ውስጥ ስም የጻፍሽላቸውን፣ ፈቃድ የጠየቅሻቸውን ለይተሽ አውጪ። ስንት ይሆናሉ? ሠላሳ? ሠላሳ ብዙ ነው። እነሱን በእጅ በሚያዝ ልክ፣ በወረቀት አሳትሚ፤ ገንዘቡን እኔ እሰጥሻለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ይዘሽላቸው ውረጂ። እዚያ አገር ፎቶ ያነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ፎቶውን መልሶ ያመጣ ሰው ግን እኔ ጥቂት ነው ያየሁት። ለሽማግሌው የራሳቸውን ስጪያቸው፣ ለሻይ ሻጯ የራሷን። የሱዳናዊውን ልጅ እናት ፈልጊና ስሙን ጠይቂያት፤ ከፈቀደችልሽ ጠዋት ላይ፣ በጥላው ጠርዝ፣ ዓይኑ እየታየ እንደገና አንሺው።

ያን ሰሊጥ አጫጅ ደግሞ ሳይመለስ ድረሺበት። ካሜራሽን ከማውጣትሽ በፊት ንጹሕ ሸሚዙን እስኪለብስ ጠብቂውና ለእናቱ የሚልከውን አንድ ፎቶ አንሥተሽ፣ አሳትመሽ፣ በእጁ ስጪው። ስለ እጁ የምትጠይቂው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ይህን ፎቶ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው።